የሩፈስ ቅኝት

ዌንደል ጌይንስ ከታከተው ቆይቷል። የታከተው ሥራው አይደለም፣ ሰው ነው። ሜከን ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ጋራዡ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሞተር ሳይክል ላይ የሚገጠም የሙዚቃ ስፒከር ሲቃኝ ኖሯል። አሁን ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም፣ ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል ያውቀዋል። «ይጩህልኝ» ነው የሚለው። ሌላ ምን ሊል! አንዱ የጎረቤቱን ሞተር ሰምቶ ቀንቶ ይመጣል፣ ሌላው ባለፈው ሳምንት ራሱ አስጩህልኝ ብሎ የሄደውን «ጆሮዬን ቆረጠው» እያለ ይመለሳል። ዌንደልም «እሺ ወንድሜ» ይላል፣ ላፕቶፑን ይሰካል፣ ወገቡን ይዞ ይጎነበሳል።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሚስ ኦፓል ቲስዴል መጥተው «ምንም እንዳትነካብኝ» ሲሉት፣ ነገሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ሚስ ኦፓል የፖስተኛው የሩፈስ ሚስት ናቸው። ሚስት ነበሩ ማለት ይሻላል፤ ሩፈስ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ትልቁን ቀይ ሞተር እየነዳ ያመጣላቸው የሟች ወንድም ሆሬስ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን፣ ምላሱ ግን የማያርፍ ሰው።

«የፊት ግራው ስፒከር ይንጣጣል» አሉ ሚስ ኦፓል። «እሱን ቀይርልኝ። ሌላ ምንም አትንካ። ሩፈስ ዘጠኝ ዓመት እየነካካ ያበጀው ነው። ቅዳሜ የሞተረኞች ማኅበሩ የመታሰቢያ ጉዞውን ያደርግለታል፣ እኔ ከሆሬስ ኋላ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ከሆሬስ ጋር ወደ አላባማ ይሄዳል። ለመጨረሻ ጊዜ እሱ እንዳስተካከለው ልሰማው ነው የምፈልገው። ገባህ?»

«ገብቶኛል ሚስ ኦፓል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

«ስፒከሩን እቀይራለሁ፣ ሌላ ምንም አልነካም።»

«የፖስታ ቤት ሰው ሚስት ናት» አለ ሆሬስ። «ሳታስፈርም አትለቅም።»

ስፒከሩን ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመቀመጫው ሥር መዳፍ የምታክል ሳጥን አለች። የሙዚቃው አንጎል እሷ ናት። የትኛው ስፒከር ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ቀጭኑ ድምፅ በየትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው ስንት ቅጽበት ዘግይቶ እንደሚለቀቅ፣ ሁሉም በላፕቶፕ በቁጥር ይነገራታል። ጆሮ አጠገብ ያለው ስፒከር ጥቂት ይጠብቃል፣ ሩቁ እስኪደርስበት። የአራቱም ስፒከር ድምፅ እኩል ጆሮ ሲደርስ፣ ዘፋኟ ከመሪው ማዶ ቆማ የምትዘፍን ይመስላል። የቅጽበት ሽራፊ ከተዛባ ግን ዘፋኟ ትበተናለች፣ ጫጫታ ብቻ ይቀራል።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ፣ ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ሳትቀዳ አትንካ የሚል ነው። ዌንደል ሕጉን ለስንቱ አስተምሯል፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ቅኝት ቀድቶ አያውቅም። «የሰው ስህተት ምን ሊሠራልኝ?» ይላል። ኩራት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ስም የለውም።

አዲሱን ስፒከር ልፈትሽ ብሎ ሳጥኗን ከፈተ። የሩፈስን ቁጥሮች ሲያይ ብቻውን ሳቀ። በጎን ሳጥኖቹ ክዳን ላይ ያሉትን የኋላ ስፒከሮች፣ ግራውን ሁለት ነጥብ አንድ ሚሊሰከንድ፣ ቀኙን አንድ ነጥብ ስምንት አዘግይቷቸዋል። ከነጂው ጆሮ የሚርቁትን! መዘግየት ያለባቸው የፊቶቹ ሆነው ሳለ።

«ሩፈስ ወንድሜ» አለ፣ «ደብዳቤ ማደሉን ትችልበታለህ፤ ይሄን ግን ገልብጠኸዋል።»

ነገሩ ቸርነትም ነበረበት። ሚስ ኦፓል ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰሙት ነገር የተበላሸ እንዲሆን አልፈለገም። እጁም ልማዱን ያውቃል፤ ደክሞት ስለነበር አእምሮው እጁን አልጠየቀውም። ቁጥሮቹን ሁሉ በነጂው ልክ አስተካክሎ ላካቸው። የድሮው ጠፋ። ከነጂው ወንበር ሲሰማው ግሩም ነበር።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሚስ ኦፓል መጡ። የራስ ቁራቸውን ደፍተው፣ ሆሬስን ተደግፈው፣ ኋላ ላይ ወጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዌንደል የሚወዱትን አሮጌ ዘፈን ለቀቀላቸው። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ዓይናቸው ተገለጠ።

«ዝጋው።»

ዘጋው።

«ይሄ የሩፈስ አይደለም።»

«አሻሻልኩት እኮ ሚስ ኦፓል። ትንሽ የተሳሳተ ነገር ነበረበትና…»

«አሻሽል ብዬህ ነበር?»

«አላሉኝም፣ ግን…»

«ምን ነበር ያልኩህ? ድገምልኝ።»

«ሌላ ምንም አትንካ።»

«በል መልሰው።»

ውሸቷ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ አዲሱ ስፒከር እስኪላመድ ነው፣ ነገ ይስተካከላል። ስንቱን ደንበኛ በዚህች ሸኝቷል! ግን መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ዌንደልም ያን ቀን ጉልበት አልነበረውም።

«የለም» አለ። «ሳልቀዳው ነው የደመሰስኩት። ጠፍቷል።»

«ምን ማለት ነው ጠፍቷል?» ሆሬስ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ስፒከር ቀይር የተባልክ ሰው…»

«ተወው ሆሬስ» አሉ ሚስ ኦፓል። ከሞተሩ ወርደው የተደራረበ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። «ጃኬቱ ላይ የነበረው ጠረኑ ወጥቶ አልቋል» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኬ ላይ የተቀዳ ድምፁ የለኝም። እሱ የሠራው ሆኖ ገና እንደ ነበረ ያለ ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ዌንደል፣ እኔ አዋቂ አይደለሁም፤ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት መልስልኝ።»

ዌንደል አፈረ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሆሬስን ምሳ እንዲያመጣ ላኩትና፣ ሚስ ኦፓል እዚያው ጎማው ላይ ከቤት ያመጡትን በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻያቸውን ይዘው ቀሩ። አልሄዱም። ልሂድም አላሉም።

የሚያስታውሳቸው ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ስለሳቀባቸው ነው ያልረሳቸው። ሁለት ነጥብ አንድ፣ አንድ ነጥብ ስምንት። በወረቀት አሰላ። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ አሥራ ሦስት ኢንች ተኩል ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የግራው የኋላ ስፒከር ከፊቱ ይልቅ በሃያ ስምንት ኢንች ለጆሮ ይቀርባል ማለት ነው። ለማን ጆሮ? ነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሜትሩን ዘረጋ። ፈጽሞ አይገጥምም። ዘወር አለ፣ ጎበጥ አለ፣ አይገጥምም። ሜትሩን ይዞ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ሄደ። ቁጥሩ የገጠመው ከኋለኛው መቀመጫ በላይ፣ ባዶ አየር ላይ ነው። ያውም መሐል ላይ አይደለም፣ ወደ ግራ ዘመም ብሎ።

እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«ሚስ ኦፓል» አለ፣ «ከሩፈስ ኋላ ሲቀመጡ ጭንቅላትዎን ወዴት ያዘነብላሉ?»

«ወደ ግራ ነዋ! የሱን አንገት አታውቀውም? እንደ ግንድ ነው። ዘመም ካላልኩ መንገዱ አይታየኝም።»

ዌንደል ኋለኛው መቀመጫ ላይ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም። የትኛውም ቃኚ አይቀመጥም፤ የሚከፍለው ባለሞተሩ ነው፣ የሚረካውም እሱ። ራሱ ትናንት «ግሩም» ያለውን ቅኝት ለቀቀው።

ወይ ጉድ! የኋላ ስፒከሮቹ ከወገቡ አጠገብ ተነስተው ይጮኹበታል፣ የፊቶቹ ከነሱ በኋላ እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ፣ ዘፋኟ የት እንዳለች አይታወቅም። ደቂቃ ሳይሞላ ራሱን ያመው ጀመር። ያን ጊዜ ሚስቱ ትዝ አለችው። ኧርሊን። ሃያ አራት ዓመት ከኋላው ተቀምጣ «ራሴን ያመኛል» ስትለው፣ እሱ ድምፁን ሲጨምርላት።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ሚስ ኦፓል። «ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ይምጡ እስቲ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለና ወረደ።

ሆሬስ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይዞ ሲመለስ ሚስ ኦፓል ቁራቸውን ደፍተው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ ዌንደል ከየስፒከሩ እስከ ጆሯቸው እየለካ አገኛቸው። ከፊት የሚቀመጥ ሰውም ያስፈልግ ነበር፤ የነጂው አካል ድምፅ ይከልላል። ሆሬስ እኔ ልቀመጥ አለ።

«አንተማ መጥረጊያ ነህ» አለው ዌንደል። «ድምፁ አያይህም። ሩፈስ እንደ እኔ ሰፊ ነበር።» ዌንደል ራሱ ፊት ተቀመጠ፣ ላፕቶፑን የነዳጅ ታንኩ ላይ አስደግፎ። «ነገ ሁለት ጃኬት ደርበህ ትነዳለህ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ሆሬስ፣ ትደርባለህ» አሉ ሚስ ኦፓል።

ቁጥሮቹን ጻፈ። ለቀቀው። ሚስ ኦፓል «ቀጭኑ በዛ» አሉ፣ ቀነሰ። «ያ ወፍራሙ ሆዴ ላይ ነበር የሚመታኝ» አሉ፣ ጨመረ። ዓሣው ቀዘቀዘ። አሥራ ምናምን ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻ ዌንደል ትከሻው ላይ እጅ ሲያርፍበት ተሰማው፤ ጣቶቹ ከምቱ ጋር ይነካኩታል። ዞሮ አላየም። ማየት የሱ ድርሻ እንዳልሆነ አውቋል።

ዘፈኑ ሲያልቅ «ሙሉ በሙሉ እሱ አይደለም» አሉ ሚስ ኦፓል። «ግን ቀርቧል። እሱ ነው ብዬ ልቀመጥበት እችላለሁ።»

«ሚስ ኦፓል፣ የሩፈስ ስህተት አልነበረም። የተቃኘው ለእርስዎ ነው። ለዚያች መቀመጫ፣ ለዚያ ለዘመመ ጭንቅላት።»

«ለኔ? እኔ የሁሉም ሞተር እንደዚህ የሚሰማ ነበር የሚመስለኝ። ከሱ ሞተር በቀር ወጥቼ አላውቅም።» ወደ ነጂው ወንበር አዩ። «ታዲያ እሱ ከፊት ምን ይሰማ ነበር?»

ዌንደል ሊያቀልላቸው ፈለገ፣ ግን ያን ቀን እውነት ብቻ ነበር የቀረው። «ጫጫታ» አለ።

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

ሚስ ኦፓል ቁራቸውን ሳያወልቁ አለቀሱ፣ ሁለቱም ወንዶች መሬት መሬት አዩ። «አንተ ደደብ ሽማግሌ» አሉ ሴትዮዋ፣ ለዌንደል አይደለም። «አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?»

ዌንደል የዚህን ጊዜ ቅኝቱን ቀዳው። ሁለት ቦታ ቀዳው።

ቅዳሜ አርባ ያህል ሞተሮች በጋራዡ ፊት አለፉ፣ ቀዩ ከፊት ሆኖ። ሆሬስ በሁለት ጃኬት ላቡ ይንቆረቆራል። ሚስ ኦፓል ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ አዘንብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ዌንደል እጁን ቢያውለበልብም አላዩትም።

ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ የራሱን ሞተር እየነዳ ቤቱ ደረሰ። ኧርሊን በረንዳ ላይ፣ ትራስ የተደረበባት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ከሞተር ከወረደች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋ ከከዳት ደግሞ ሁለት።

«ኧርሊን፣ የተውሽው ለምን ነበር?» አላት። «ከኔ ኋላ መቀመጡን።»

«ራሴን እያመመኝ ነዋ። መቶ ጊዜ አልነገርኩህም?»

«እኔን የሰለቸሽ ነበር የመሰለኝ።»

«አንተ! ብትሰለቸኝ ከሞተሩ ብቻ ነው የምወርደው?»

ሳቀ። ትናንት የሆነውን ሁሉ ነገራት፣ ኋለኛው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሰማውን ጭምር። «ሃያ አራት ዓመት እዚያ ላይ አስቀምጬሻለሁ» አላት። «ይቅር በይኝ። አሁን አስተካክልልሻለሁ። ነይ፣ ሞተሩ ላይ ውጪ።»

ኧርሊን ሞተሩን አየችው፣ ከዚያ ጉልበቷን። «ዌንደል፣ እግሬን ይሄን ያህል ካነሳሁ ቆየ እኮ» አለች። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

ዌንደል ሞተሩን ከመንገዱ ገፍቶ ሣሩ ላይ አወጣው፣ ፊቱን ወደ በረንዳው አዞረው። ላፕቶፑን ሰካ። ያለውን ቀዳ። ሜትሩን ከስፒከሩ እስከ በረንዳው ስቦ ጫፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«ምን እየሆንክ ነው? ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጭንቅላትሽን አታንቀሳቅሺ።»

«ማንበብ የምወደው ወደዚህ ዞሬ ነው።»

«እንደምታነቢ ሁኚ እንግዲያ።» ለካ፣ ጻፈ፣ ለቀቀው። እሱ ነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ዝብርቅርቅ ያለ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ዓይኑን ከሚስቱ ፊት ሳይነቅል እዚያው ተቀመጠ።

«ትንሽ ቀንሰው» አለች ኧርሊን ዓይኗን ጨፍና። ቀነሰላት።