የተቆረጠው ዝምታ

በ1975 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ደብረ ብርሃን ላይ «የደጋና የቆላ ከበሮዎች» የተባለውን የካሴት ስብስብ እንድንገመግም ሦስት ሰዎች ተመረጥን። ሦስታችንም ያልፈረምንበት ዜማ አይባዛም። ሰብሳቢው ጓድ ወርቅአገኘሁ ነው፤ ሁለተኛው ቀረጻውን ያከናወነው ገብረአብ፤ ሦስተኛው እኔ፣ አንኮበር በቤተ ክርስቲያን ከበሮ መምታት የተማርኩ የአማርኛ መምህር።

አራተኛው ዜማ የአሊዩ አምባዋ የወይዘሮ ዙቤዳ ነበር። መንዙማ የሚመቱበትን ድቤ አዝለው፣ ሥራቸው እንዴት እንደወጣ ሊሰሙ ዳገቱን ወጥተው መጥተዋል።

ካሴቱ ተከፈተ። ጎርናናው ምት ደረትን ይነቀንቃል፤ ቀጭኑ ያለ ፋታ ይጣደፋል። ለሰልፍ ይስማማል። ነገር ግን ከኋላ «አሚን» የሚሉት ሽማግሌዎች ድምፅ እንደ ሕፃናት ቀጥኗል።

«ገብረአብ፣ አፍጥነኸዋል?» አልኩት።

«ጥቂት ነው። እማማ ደግሞ እየደከማቸው በየመሐሉ ያቆሙ ነበር፤ እሱን ቆርጬ ገጣጠምኩላቸው።»

ወይዘሮ ዙቤዳ ሳቁ። «ያ ረቢ! ጅብ እያባረረኝ ነው እንዴ የምመታው?»

ድቤውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው መቱ። በሰባተኛው ምት እጃቸውን አነሱ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ይኸው፣ ደከማቸው» አለ ገብረአብ።

«እዚህ ላይ ሰዉ በለሆሳስ ሰለዋት ያወርዳል፤ ነቢን የሚያወድሰው እሱ ነው። እኔ የምመታው ለዚያች ዝምታ ነው። አንተ ልጄ፣ ሰዉን ቆርጠህ የድቤውን ቆዳ ብቻ አስቀረኸው።»

«አብዮቱ ዕረፍት አያውቅም፣ እማማ» አለ ጓድ ወርቅአገኘሁ።

«እንግዲያው አብዮቱ ራሱ ይምታው! የኔን ስም ከላዩ አንሱልኝ።»

ሰብሳቢው ከገብረአብ ጋር ከፈረመ በኋላ ቅጹን ወደ እኔ ገፋው። «መምህር፣ የቀረው የእርስዎ ነው። ለአንዲት አሮጊት ሲሉ ራስዎን አይጉዱ።»

በፊርማው ቦታ የጻፍኩትን ቆሜ አነበብኩላቸው፦ «አራተኛው ዜማ ፍጥነቱ ሐሰት ነው፤ ዝምታው ተሰርቋል። የዜማው ባለቤት ወይዘሮ ዙቤዳ ሳይፈቅዱ አልፈርምም።»

«ይሰርዙት!»

«አልሰርዝም። ያቆምኩትም ደክሞኝ አይደለም።»

ወይዘሮ ዙቤዳ ድቤያቸውን አንድ ጊዜ ብቻ መቱ።

ካሴቱ በሚያዝያ ያለ አራተኛው ዜማ ተባዛ። እኔ ሳልጠይቅ በግንቦት ራቅ ወዳለችው ለሚ ተዛወርኩ።