የቀማሿ ምላስ

ምህረት ቸኮሌቱን አፏ ውስጥ ከታ ዓይኗን ጨፈነች። ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ሁለቴ አላመጠችና በምላሷ ላንቃዋ ላይ ደፍጥጣ ጠበቀች። ስኳር። ከስኳሩ ሥር ትንሽ ጨው። ሌላ ምንም።

«እህስ?» አለች አለቃዋ ዶና።

ምህረት ዓይኗን ገልጣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ሮዝ ቀለም የቼሪ አበባ ሰረቅ አድርጋ አየች። «አበባ አበባ ይላል። መጨረሻ ላይ በጨው የተቀመጠ ቅጠል ዓይነት ነገር አለው።»

ከጃፓን የመጡት እንግዳ፣ ሚስተር ኦጋታ፣ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምህረት ግን የቼሪ ቅጠል በጨው እንደሚቀመጥ ያወቀችው ከምላሷ አልነበረም። ትናንት ማታ ኢንተርኔት ላይ አንብባ ነው።

አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ያለው ይህ ጣፋጭ አስመጪ ድርጅት ምህረትን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የቀጠራት ለአፍንጫዋ ብሎ ነበር። እሷ «ደህና ነው» ያለችው ጭነት ወደ ሱቅ ይሄዳል፣ «ተበላሽቷል» ያለችው ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዟት ቆማ ሳለ አንድ ፒክአፕ ከኋላ ገጫት። ጭንቅላቷ ከመቀመጫው ጋር ተላተመ። ደም የለ፣ ስብራት የለ፤ ከሰውየው ጋር ኢንሹራንስ ተቀያይረው ተለያዩ። በማግስቱ ሻምፑዋ አልሸተታትም። ጉንፋን ነው ብላ ተወችው። በሦስተኛው ቀን የቆሻሻ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብላ በረጅሙ ሳበች። አየር ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

«እኛ አገር» አሉ ሚስተር ኦጋታ ቀጣዩን ማሸጊያ እየቀደዱ፣ «ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የዚያን አካባቢ ቸኮሌት ገዝቶ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ያመጣል። አንዱ ጋ ስኳር ድንች ነው፣ አንዱ ጋ ሶይ ሶስ። ወቅቱ ካለፈ ደግሞ አይገኝም። ሰው የሚሰለፈው ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ‹ይሄ ደግሞ ምን ምን ይል ይሆን?› ብሎ ነው።»

«አትላንታ ውስጥ የዋሳቢ ቸኮሌት ማን ሊገዛ!» ብላ ሳቀች ዶና። «በይ ምህረት፣ ሞክሪልን።»

ዋሳቢው፣ እንደ ሰናፍጭ የሚሰነፍጠው የጃፓን ሥር፣ ምላሷ ላይ ሲቀልጥ አፍንጫዋ ውስጥ እሳት ተለኮሰ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተመለሰልኝ ብላ ልቧ ዘለለ፤ ቸኩላ አየር ሳበች። ማቃጠል ብቻ ነበር፤ እሱም ወዲያው ጠፋ። ሌሎቹ እንባዋን አይተው ሳቁ። አብራቸው ሳቀች።

በስኳር ድንቹ ተሳሳተች። «ካራሜል ይመስላል፣ ወተት የበዛበት» አለች። ሚስተር ኦጋታ የራሳቸውን ቁራሽ እያላመጡ አተኩረው አዩዋት። ያን ጊዜ ስልኳ ነዘረ። እናቷ እታገኝ ናት። ምህረት ይቅርታ ጠይቃ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ሚቲንግ ላይ ነኝ እማዬ፣ መልሼ ልደውል—»

«እንዳትዘጊው! ቤትሽን ጋዝ ሞልቶታል!»

«ምን?»

«አልጫ ላስቀምጥልሽ መጥቼ በሩን ስከፍት ሽታው ገፍቶ መለሰኝ። መብራት ላበራ እጄን ዘርግቼ ነበር እኮ! የሥላሴ ያለህ!»

«አሁን የት ነሽ? ደህና ነሽ?»

«ፓርኪንጉ ላይ ነኝ። ፋየር ትራክ መጥቶ ሰዉን ሁሉ አስወጡት። ከላይሽ ያለችው አራስ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ድስት ሙሉ ውሃ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል አሉ፤ ጋዙ ግን ክፍት ነው።»

ምህረት ጠዋት እንቁላል ልትቀቅል ውሃ ጥዳ ነበር። ለብሳ ስትመለስ እሳት አልነበረም፤ አጥፍቼዋለሁ ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።

«ስትወጪ እንዴት አልሸተተሽም?» አለች እናቷ።

«ቸኩዬ ነበር።»

«ምን ዓይነት ችኮላ ነው ልጄ? ይሄ ሽታ እኮ የሞተ ይቀሰቅሳል!»

ምህረት ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። የእናቷ እጅ ማብሪያውን ሲጫን ታያት። አልተጫነውም፤ እሷ ግን ደጋግሞ ሲጫን ታያት።

«እማዬ… አይሸተኝም።»

«ምኑ?»

«ምንም። መኪናዬን ከተገጨሁ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

«ተገጭተሻል? መቼ?» የእታገኝ ድምፅ ዝቅ አለ። «ከእኔ ነው የምትደብቂው?»

«ፈርቼ ነው። ዶክተሩ አይመለስም ካለኝስ? ሥራዬ እኮ አፍንጫዬ ነው፣ እማዬ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ካለስ?»

«ዝም ስላልሽ ይመለሳል?»

ምህረት ስልኩን ዘግታ ከወለሉ ተነሳች።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ የመጨረሻው ቸኮሌት ሳህኗ ላይ ተቆርሶ ይጠብቃታል። የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ያለበት ነው።

«ይሄኛው አሳስቦኛል» አለች ዶና። «መንገድ ላይ ሙቀት መቶታል ተብሏል። የሻገተ ቅባት ከሸተተሽ ንገሪኝ፤ ካልሸተተሽ ዛሬውኑ እናዛለን።»

ምህረት ቁራሹን አነሳች። ከንፈሯ ጋ አድርሳ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዶና፣ መቅመስ አልችልም። ዛሬ ያልኩትንም ሁሉ እንዳትቀበሉት። ከአደጋው ወዲህ ማሽተት አቁሜያለሁ። አበባውን ያወቅኩት አንብቤ ነው።»

ሚስተር ኦጋታ የያዙትን ቁራሽ በቀስታ አስቀመጡ። «ስኳር ድንቹ ላይ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «እኔን ላለማስቀየም ይሉኝታ ይዞሽ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።»

ዶና ግን ወደ ምህረት ዞረች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ሐሙስ ያሳለፍሽው የለውዝ ጭነትስ?»

ምህረት ይህን ጥያቄ ነበር ስትሸሽ የሰነበተችው። «እሱም አልሸተተኝም» አለች። «አስቁሚው።»

ዶና ስልክ አንስታ የመጋዘኑን ቁጥር መደወል ጀመረች። ነገ ነይ አላለቻት፣ አትምጪም አላለቻት። ምህረት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ቆለፈች። ሞተሩን አስነሳች። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ሃይዌይ በግራ በኩል ነው፤ ቤቷና እናቷ ያሉበት ብሩክሄቨን በቀኝ። ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ከዚያ እንዳትንቀሳቀሺ። መጥቼ ልወስድሽ ነው። ዶክተሩ ጋ ብቻዬን አልገባም።»

«ነይ» አለች እናቷ። «ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ምህረት ወደ ቀኝ ታጠፈች።