ኩታ ውስጥ የሚነበብ ስልክ

ደግሞ ካሜራው፣ ካሜራ ከተባለ፣ ትናንት ዮፍታሄን ሬስቶራንቱ በር ላይ አቁሞ ቢያነሳው ልጁ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሌባ መስሎ ወጣ፣ ሙሽራ ልሁን ብሎ የሚለፋ ልጅ! ይሁን፣ ካሜራውን ማን ጠየቀው፣ ሠርፀ ይህን ስልክ የያዘው ፎቶ ሊያነሳበት አይደለም፣ ሊናገርበት ነው፣ የተሳፈረበት የቦዳቦዳ ሞተርሳይክል ከሃይ ማላካል ሰፈር ወጥቶ ወደ አትላባራ ሲወርድ ጉድጓድ ላይ ይዘላል፣ የሠርፀ እጅ ደረት ኪሱ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ስልኩ አለ፣ እስክሪብቶውም ስልኩ ጎን ውስጥ እንደተሰካ አለ፣ ተመስገን። ርካሽ ዕቃ ነው። ርካሽ ይሁን እንጂ አፉ ነው።

አፉ ነው፣ ቀልድ አይደለም፣ ካምፓላ ያሉት ሐኪሞች ከጉሮሮው ዕጢውን ሲያወጡ ድምፁንም አብረው አወጡት፣ ወይ ነፍስህን ወይ ድምፅህን ብለው አስመረጡት፣ ነፍሴን አለ፣ የመጨረሻ ቃሉ እሷ ሆነች፣ ነፍሴን፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የመጨረሻ ቃሉን እንዲህ የሚያባክን፣ ቢያንስ አንድ ደህና ስድብ ጣል አድርጎ ቢገባ ምን ነበረበት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በቀረችው ቀዳዳ ነው፣ በነጭ መሐረብ ይሸፍናታል። እሱ እኮ ነው፣ ጁባ ውስጥ ሠርፀ ያልመረቀው ሰርግ ሰርግ የማይባልለት፣ ሠርፀ ያላጽናናው ለቅሶ የማይፈርስለት፣ ማይክራፎን ሲያመጡለት ውሰዱልኝ ይህን ቆርቆሮ ብሎ የሚመልስ ሰው፣ ነበር። ነበር ማለት ደግሞ አይወድም። ኤዲያ!

አቡና፣ የሚን ወላ ሺማል? ይጮኻል ነጂው፣ ነጩን ኩታ አይቶ ቄስ አድርጎታል፣ ቀኝ ነው ግራ? ሠርፀ እስክሪብቶውን መዘዝ፣ ቀስት ጫር፣ ስልኩን በነጂው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያሳየዋል፣ ነጂው ዓይኑን ያጨናብሳል፣ አና ማ ጊ ሹፉ፣ አይታየኝም፣ እውነቱን ነው፣ የጁባ ፀሐይ ካረፈችበት ይህ ስልክ የመላጫ መስታወት ነው፣ የገዛ ፂምህን ብቻ ነው የምታይበት፣ ይኸው ትልቁ ጉዱ፣ ሰው ያላየው ንግግር ንግግር ይባላል እንዴ። የነጂውን ቀኝ ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ይላል ነጂው፣ ታጠፉ። ብርሃኑን ከፍ እንዳያደርገው ባትሪው፣ አዬ ባትሪው! ሌሊቱን ጄኔሬተሩ እምቢ ብሎ ስልኩ ሳይጠግብ ነው ያደረው፣ ጠዋት ቀይ ነበር፣ አሁንም ቀይ ነው። ዛሬ ቀይ ይሁንበት? ዛሬን በመሰለ ቀን?

እስክሪብቶው ግን። እስክሪብቶውን አትንኩበት። በዚህ ሙቀት ጣት ላብ ብቻ ነው፣ ላብ የነካው ስክሪን ደግሞ ጌታዬ አላውቅህም ይላል፣ አንዱን ፊደል ስትነካ ሦስተኛውን ይጽፍልሃል፣ እስክሪብቶው ግን ላብ አያውቅ፣ ዘይት አያውቅ፣ መዘዝ ስታደርገው የተቆለፈው ስልክ እንኳ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ የይለፍ ቃል የለ፣ ጣት አስነካ የለ፣ ምን ልበል እስክትል ብለሃል። የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ እያለ ጉራውን የሚነዛው ግን ውሸቱን ነው፣ «ሠ» ቢጽፍለት ደብልዩ ነው ብሎ ድርቅ፣ በል ተወው። መዳፍም አይለይም፣ እጅህን አሳርፈህ ከጻፍክ መዳፍህም የራሱን ይጽፋል፣ የዶሮ ጭረት፣ ስለዚህ ሠርፀ ሌላ መሐረብ አጥፎ ከእጁ ሥር ያነጥፋል፣ ብልሃት ላላጣ ሰው ሁሉም ዕቃ ዕቃ ነው። አንድ ሰሞን ዮፍታሄ የተጻፈ የሚያነብ ነገር ጫነበት፣ ሠርፀ ወጡ ጨው የለውም ብሎ ቢጽፍ አንዲት ሴትዮ ተሳፋሪ የምትጠራ ይመስል ወ ጡ ጨ ው አለች፣ ኩሽናው በሳቅ ፈረሰ፣ ዕቃ አጣቢዎቹ ሳይቀሩ፣ በዚያው ዝም አሰኛት። እሱን የመሰለ ድምፅ የነበረው ሰው በሷ ሊናገር? ሞቶ ነው!

ስልኩን የገዛለት ዮፍታሄ ነው፣ ከመጀመሪያ ደመወዙ አይደለም፣ ከብዙኛው፣ አሁን ዋና ወጥ ሠሪ ነው፣ ያኔ ግን ልብሱን በፌስታል ይዞ መጥቶ የሠርፀ ሬስቶራንት በር ላይ ቆሞ ሥራ አለ ወይ ያለ ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነበር፣ ሠርፀ ልጅ የለውም፣ ነበረውም አላለም፣ ግባ አለው፣ በቃ ገባ። ካምፓላ አልጋው ሥር ወለል ላይ የተኛው ማን ነው፣ ነርሶቹ ሲጨንቃቸው ከንፈሩን እያየ ውኃ ነው የሚለው፣ ትራስ ነው የሚለው፣ አሁን ደግሞ እየተሳደበ ነው እያለ የተረጎመለት ማን ነው። እና ይህ ልጅ የመለዋወጫ ነጋዴውን የእንድሪያስን ልጅ ናዝራዊትን ወደደ፣ ጎሽ፣ ወደደችው፣ እሰይ፣ የጴንጤ ቤት ልጅ ነች፣ እሱ ጾሙን የማይፈታ ኦርቶዶክስ፣ እሱን ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ ሁለቱ የጨረሱትን ሽማግሌ አይጀምረውም። አይጀምረውም ነበር፣ ገብረመድኅን ባይኖር!

ገብረመድኅን ወዳጁ ነው፣ የሰበካው ሰው፣ ልቡ ወርቅ፣ አፉ ጠላት። ባለፈው ለሽምግልና ሲሄዱ ተናጋሪ እሱ ሆነ፣ ሌላ ማን አለ፣ እንድሪያስ ግቢ ቆሞ፣ የጴንጤ ግቢ ላይ እንዲያው፣ እመብርሃን ከነልጇ ይህን ቤት ትጠብቅልን ብሎ ጀመረ፣ የእንድሪያስ ፊት ተከደነ፣ ይቅርታ ብሎ ማለፍ ሲገባው አይደለም እኮ፣ ስለ አማላጅነት ማስረዳት ጀመረ፣ ጥቅስ በጥቅስ! እንድሪያስም ትንሽ ሰው ነው እንዴ፣ ጥቅስ በጥቅስ መለሰ፣ የልጅቷ ስም ሳይነሳ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ሠርፀ ስልኩን ይዞ መሐል ቆሞ፣ ማንም አላየውም። በመጨረሻ እንድሪያስ ምን አለ፣ ልጁን ያሳደገው ጋሽ ሠርፀ አይደል፣ እንግዲያው ያሳደገው ይጠይቀኝ፣ ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም። ይኸው ነው። ሰዉ ሁሉ በጨዋ ደንብ አይሆንም ማለቱ ነው አለ፣ አፍ የሌለውን ተናገር ማለት ሌላ ምን ይሆናል፣ ዮፍታሄም እንደዚያው ገባው፣ በማግስቱ ሽንኩርት ሳይከትፍ ዓይኑ ቀልቶ ዋለ። ሠርፀ ግን አልሸሸም። ጠይቀኝ ካልከኝ እጠይቅሃለሁ!

ደረሱ። እንድሪያስ የጄኔሬተር መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ከፊት፣ ግቢው ከኋላ፣ ገብረመድኅን በር ላይ ቆሟል፣ በዚህ ቃጠሎ ጋቢ ለብሶ፣ ጉድ ነው፣ የሽምግልና ልብስ ነው ይላል፣ ትቀልጣለህ ሰውዬ። ሠርፀ ቃል አስገብቶታል፣ ዛሬ ትንፍሽ እንዳትል ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበታል፣ በእስክሪብቶ ማስመር ደስ ይላል፣ የሚጮህ ያህል ነው። ገቡ። ናዝራዊት አትታይም፣ መጋረጃ ግን ይንቀሳቀሳል፣ እናቷ መሠረት በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፣ እንድሪያስ ወጣ፣ ሰላምታ፣ ጤና፣ ሥራ፣ እባካችሁ ጥላው ሥር ግቡ፣ ወንበርም አለ። ሠርፀ እግሩን ሊያነሳ ነው፣ ጥላ! ስክሪኑ የሚታይበት ጥላ! ገብረመድኅን ከኋላው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አይ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ ጥላም አንገባ፣ ወንበርም አንቀመጥ፣ ደንቡ ነው።

ደንብህን ብላው! ሠርፀ በሆዱ ይጮኻል፣ ቃልህስ? ግን ተባለ፣ ሽማግሌ ቆሜ እለምናለሁ ካለ በኋላ እሺ ሳይባል ቁጭ ቢል ልመናው ፈረሰ፣ ፀሐይ ላይ ቀሩ፣ እንድሪያስ ይጠብቃል፣ እንግዲህ ጋሽ ሠርፀ፣ እየሰማሁ ነው። እየሰማሁ ነው አለው፣ ሰማችሁ? ሠርፀ ስልኩን ያወጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ የጻፈው ንግግር አለ፣ ከአዳምና ከሔዋን የሚነሳ፣ ገጽ በገጽ፣ የድሮው ሠርፀ ራሱ፣ ከፍቶ ሰጠው፣ እንድሪያስ ተቀበለ፣ ራቅ አደረገ፣ አቀረበ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ራሴን ነው የማየው አለ፣ ምንም የለበትም። ምንም የለበትም! በረንዳው ላይ መሠረት ዓይኗን ሰበረች፣ ገብረመድኅን ላቡን በጋቢው ይጠርጋል፣ መጋረጃው ቆመ። በቃ? እዚህ ላይ? ለዚህ መስታወት?

እንዴት በቃ። ሠርፀ ኩታውን ከትከሻው ገፈፈ፣ ገልበጥ አደረገና ጣለው፣ በራሱም ላይ፣ በእንድሪያስም ራስ ላይ፣ ሁለቱም ውስጥ ገቡ፣ እንደ ድንኳን፣ ውስጡ ደብዛዛ፣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ፣ ግንባር ለግንባር፣ የእንድሪያስ ሽታ የሞተር ዘይትና ሳሙና ነው። ስክሪኑ በራ። አየው እንድሪያስ፣ አየ፣ አሁን ታየኝ አለ፣ በሹክሹክታ፣ ለምን እንደሚያንሾካሹክ እንጃ። የሠርፀ ትንፋሽ በመሐረቡ ሥር ያፏጫል፣ እንድሪያስ ጆሮ ሥር ነው የሚያፏጨው፣ የሰውየው ዓይን ወደ ሠርፀ አንገት ወረደ፣ እንዲህ መሆኑን አላወቀም ነበር፣ ይህን ያህል ማንም ቀርቦ አያውቅም። አዳምና ሔዋን ይጠብቁ። ይህን ሁሉ ገጽ የሚያነብ ባትሪም የለ፣ ሠርፀ ንግግሩን ዘጋው፣ ሳምንት ሙሉ የለፋበትን፣ እስክሪብቶውን መዘዘ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ መጣ፣ መሐረብ የሚያነጥፍበት ጊዜ የለም፣ ጻፈ፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ መዳፉ ከጎን እየጫረ፣ ይጫር።

ዮፍታሄን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ድምፄ ሲሄድ ድምፅ የሆነኝ እሱ ነው፣ ናዝራዊትን ለልጄ ስጡልኝ።

እንድሪያስ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው፣ በቤተክርስቲያን ቃል የሚያነበው እሱ ነው፣ ለጉባኤ የለመደ አፍ ዝቅ ማለት አያውቅም፣ አፉን ከፍቶ፣ ከኩታው ውስጥ፣ ግቢው ሙሉ እስኪሰማ፣ ዮፍታሄን ያሳደግሁት እኔ ነኝ! ሠርፀ ጠጉሩ ቆመ፣ ይህ ድምፅ፣ ይህ ወፍራም ድምፅ፣ የሱን ቃል ተሸክሞ፣ ድምፄ ሲሄድ ድምፅ የሆነኝ እሱ ነው፣ እዚህ ላይ እንድሪያስ ቀና ብሎ ሠርፀን አየ፣ ቀጠለ፣ ናዝራዊትን ለልጄ ስጡልኝ!

ከውጭ የመሠረት ድምፅ መጣ፣ አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ልጅህን ማንን ነው የምትለምነው? መጋረጃው ጀርባ አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት፣ ገብረመድኅን እህህ አለ፣ እንድሪያስም ኩታው ውስጥ ሆኖ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እያለቀሰ ነው እየሳቀ ሠርፀ አይለይም፣ ሁለቱንም ነው። እንግዲህ ለማኙ አንተው ከሆንክ መልሱንም አንተው ስጥ፣ አለች መሠረት፣ እኔ እሺ ካልኩ ቆይቻለሁ፣ ልጅቷ እንደሆነ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

እንድሪያስ እጁን ዘረጋ። ስልኩን አይደለም፣ እስክሪብቶውን። እባክዎ ጋሽ ሠርፀ፣ ይፈቅዱልኛል? እርስዎ በጠየቁኝ መንገድ ልመልስልዎ። በመለዋወጫ የሻከረ ጣቱ ቀጭኗን እስክሪብቶ እንደ መርፌ ያዛት፣ መዳፉን አሳረፈ፣ ጭረቱ ሲመጣ ደነገጠ፣ ምን አበላሸሁ አለ፣ ሠርፀ በእጁ ቀጥል ቀጥል፣ ይህ ስልክ ሁሉንም እንዲህ ያደርጋል፣ ባትሪው እንደ ቁስል ቀልቷል፣ አትጥፋ፣ አንተ ርካሽ፣ አንተ መናኛ፣ አትጥፋብኝ፣ ስድቡን ሁሉ እመልሳለሁ፣ ካሜራህም ግሩም ነው፣ ሌባ የመሰለው ልጁ ነው፣ አትጥፋ። ከጭረቱ መሐል አንድ ቃል ወጣች።

ሰጥተናል።

ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ጠፋ። ይጥፋ! ተናግሮ ከጠፋ ምን ቀረበት። ሠርፀ ኩታውን ገለጠ፣ ፀሐይዋ ፊቱን መታችው፣ ሁሉም ያዩታል፣ ገብረመድኅን አፉን ከፍቶ፣ መሠረት ወደ ደረጃው ወርዳ፣ ምን አለ? ምን ብሎ ጻፈ? እንድሪያስ እንባው ይዞት ቃል አይወጣውም፣ የጠፋ ስልክ ላይ አፍጥጧል፣ ያቺን ቃል አሁን በዚህ ግቢ ውስጥ ሊነግራቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ድምፅ የለውም። ደስ የሚል ነገር! አይቸኩልም፣ ሠርፀ ጨርሶ አይቸኩልም፣ ድሮም ከትልቁ ቃል በፊት ሰዉን ትንሽ ማስጠበቅ ያውቅበት ነበር፣ ኩታውን ያስተካክላል፣ መሐረቡን ያስተካክላል፣ ስክሪኑ ያኔ በፀሐይ አልታየም፣ ተመስገን አልታየም፣ ቢታይ ኖሮ እንድሪያስ እዚያ ርቆ ቆሞ ነበር የሚያነበው። ከዚያ ይራመዳል፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ጥላው፣ ወደ ነጩ የፕላስቲክ ወንበር፣ ዞር ይላል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ያያቸዋል።

ቁጭ ይላል።

እልልታው ከመጋረጃው ጀርባ ነው መጀመሪያ የወጣው።