የተቃጠሉት ካፖርቶች

«የሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እሱና ካውያ አይስማሙም ነበር» አለ ዘበኛው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

ለቀስተኛው ሳቁን አፈነ። ሟቹ ልብስ ሰፊ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ አርባ ዓመት ሲሰፋ፣ መቀሱ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ግን በየዓመቱ ለልደት አራት ሳምንት ሲቀረው ምን እንደሚነካው እንጃ፣ የሰው ካፖርት ያቃጥላል። ሰፈሩ «ጋሽ ካውያ» ያለው ለዚሁ ነው።

«የኔንም አንድዶልኛል» አለች ልብስ አጣቢዋ። «በማግስቱ ብመጣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ‹በድዬሻለሁ እህቴ፣ ይሄን በካሳ ውሰጂልኝ› ብሎ አዲስ ሰጠኝ። አንጀቴን በላው። ይቅር አልኩት።»

«እኔስ ብትይ!» አለ ዘበኛው ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እንቢ ብል ቅር ይለዋል ብዬ ነው የለበስኩለት።»

ሴት ልጁ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች። እሷም ሰፊ ናት፤ ሙያውን የተማረችው ከእሱ ነው። በዚያ ቅጽል ስም ስትሸማቀቅ ነው የኖረችው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን «አባዬ፣ እጅህ ደክሟል፤ ሁለተኛ ካውያ እንዳትነካ» ብላ ቀምታዋለች። አልተከራከራትም። በሳምንቱ የአንዲት መምህርት ካፖርት ላይ የስፌት መኪና ዘይት ደፋበት። ያን ቀን ደንበኛ ፊት ጮኸችበት።

ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ለልደት ችግረኞችን አሰልፋ ልብስ ስታድል አባቷ አብሮ የማያድለው ለምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። መርፌው ላይ ክር እየሰካ መለሰላት።

«የሰው ፊት እሳት ነው ልጄ። ጌታ በግርግም የተወለደው ለምን ይመስልሻል? እረኞቹ ሲገቡ እንዳይሳቀቁ ብሎ ነው። ቤተ መንግሥት ቢወለድ ማን ያስገባቸው ነበር?»

ያኔ ስስቱን በወንጌል የሸፈነ መስሏት ነበር።

ዘበኛው ብርጭቆውን ሊመልስ ተነሳ። ልብስ ሰፊ ከሰው ፊት በፊት ስፌት ያያልና፣ ዓይኗ ትከሻው ላይ አረፈ። ዘበኛው በወጣትነቱ ጆንያ ሲሸከም ወድቆ ግራ ትከሻው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ካፖርቱ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በግራ በኩል ገበሩ ስር ጥጥ ተደርቦበታል፤ የግራው እጅጌም በዚያው ልክ ረዘም ተደርጓል።

«ጋሼ፣ አባዬ ልክዎን የወሰደው መቼ ነው?»

«የምን ልክ! ባቃጠለው በማግስቱ እኮ ነው ያለበሰኝ።»

ካፖርት በአንድ ቀን አይሰፋም። ለእንዲህ ያለ ትከሻ የሚቆረጥማ ሳምንት ይፈጃል። አባቷ አዲሱን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ ነው አሮጌውን ያቃጠለው። ልብስ አጣቢዋን አየቻት፤ መምህርቷን አሰበቻት። ምጽዋት ቢዘረጋላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው ሁሉም። አሁን ግን ይቅር ባይ ሆነው፣ ቀና ብለው ነው ለቅሶ የመጡት። ካውያውን መቀማቷ አንገበገባት። ከዚያ ደግሞ ኩራት ደረቷን ሞላው፤ በዕድሜዋ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ይህን ጊዜ የሰፊዎች ማኅበር ሰብሳቢ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ እሱ የምናገረው እኔ ነኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደግነቱን በደንብ አነሳለሁ። ሙያውን ግን… ሰውም ይስቃል፣ ለእናንተም ደስ አይልም። ልለፈው ይሆን?»

ደሟ ፈላ። ስም ከመቃብር በላይ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አፏን ከፈተች።

ዘበኛው አጠገቡ ላለው ሰው ገበሩን ገልጦ እያሳየ ነበር። «ይቅር ባልለው ኖሮ እኮ ይሄኔ ሱቁ ተዘግቶ ነበር» ሲል ሰማችው። ታውቀዋለች፤ እውነቱን ቢሰማ ካፖርቱን በሩ ላይ አውልቆ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ይሄዳል።

«ይለፉት ጋሼ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እውነትም ካውያ አይሆንለትም ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ የልጇን እጅ ፈልጋ አገኘችና ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።