ሠላሳ ባሕር ዛፍና አንድ አጋዘን

እትዬ የሻረግ እንደሚሉት ከሆነ፣ ምንጩ አጠገብ የነበሩትን ሠላሳ የባሕር ዛፍ ችግኞች የነቀለው አጋዘን ነው። አጋዘን ደግሞ አመሉ የታወቀ ነው፤ አምና እዚያው ተራራ ሥር የአንዱን ገበሬ ጎመን ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ኢሳያስ እንደሚለው ከሆነ ግን፣ አጋዘን ነቅሎ ሲያበቃ ጉድጓዱን መልሶ አይደፍንም። ደፈነ እንኳ ቢባል፣ የችግኞቹን የፕላስቲክ መከለያ አንዱን በአንዱ ላይ አጣጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት አይሄድም።

«የተማረ አጋዘን ይሆናላ» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ከተማረማ ለምን ከእኛ ጋር ቮለንቲር አያደርግም?» አለ ኢሳያስ መሪውን እንደጨበጠ።

ክርክሩ የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዛፍ ተካዮቹን የጫነው ሚኒባስ ከፍሌሚንግተን ፎቆች ሥር ሲነሳ ነው። ከተማውን አቋርጠው፣ የምሥራቁ ተራራ ከነጉሙ ብቅ ሲልም አላለቀም። ከኋላ የተቀመጡት ከሰንሻይንና ከሜድስቶን ሰፈሮች የተሳፈሩት ሰዎች ግማሹ ለአጋዘኑ፣ ግማሹ ለኢሳያስ ይፈርዳሉ። ከፊት፣ በሁለቱ ተከራካሪዎች መካከል የተቀመጡት ጋሼ ወልዴ ብቻ ለማንም አልፈረዱም። ባሕር ዛፎቹን የነቀሉት እሳቸው ነበሩ።

ጋሼ ወልዴ አገር ቤት ሳሉ የችግኝ ጣቢያ ፎርማን ነበሩ። ከበላይ ትዕዛዝ መጣና በገዛ መንደራቸው ምንጭ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አስተከሉ፤ ሺህ በሺህ፣ እንደ ጤፍ የተጠጋጋ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ምንጩ ነጠፈ። የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው በደጃቸው ወደ ሩቁ ወንዝ ሲያልፉ፣ አንዲቷም ክፉ አልተናገረቻቸውም። «እንደምን አደሩ ጋሼ ወልዴ» ብለው ያልፋሉ። የከበዳቸውም ይኸው ሰላምታ ነው። ከዚያ ወዲያ ስደት መጣ፤ በሰው አገር፣ ሰንሻይን ውስጥ ሃያ ዓመት የመጋዘን ካርቶን ተሸከሙ፤ ጡረታ ወጡ። ያ ሰላምታ ግን ከጆሯቸው አልወጣም።

ባለፈው ወር ሠራተኞች እዚህ ተራራ ሥር ባለው ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ ተክለው ሲያዩ፣ የነጠፈው የመንደራቸው ምንጭ ታያቸው። አንድ ማክሰኞ አካፋቸውን በገበያ ጋሪያቸው ሸሽገው፣ በባቡርና በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዘው መጡ። ነቀሉ ማለትም አይገባም፤ እያንዳንዱን ከነአፈሩ አንስተው ከምንጩ በላይ ወዳለው ሸንተረር ወስደው ተከሉት። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተመልሰው ውኃ አጠጡ።

አሁን ያስጨነቃቸው የዛሬው ቀን ነው። ምንጩ ያለበት ሸለቆ ጥንት የዝናብ ደን ነበር፤ ለከብት ግጦሽ ተመነጠረ። አሁን ወፉና ዛፍ ላይ የሚኖረው እንስሳ ማደሪያ እንዲያገኝ፣ ከታች ያለው ገበሬም ድፍርስ ውኃ መጠጣቱ እንዲቀርለት በጎ ፈቃደኞች መልሰው እየተከሉት ነው። ዛሬ ሸለቆው ለቡድኖች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ክፍል አሥር ዓመት ይጠብቃል። የእነ ጋሼ ወልዴ ቡድን፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በአንድ አካፋ የሚቆፍርበት ያ ቡድን፣ የጠየቀው የምንጩን ክፍል ነው። ጋሼ ወልዴ ከዚህ በላይ የተመኙት ነገር የለም፤ በእጃቸው ላይ የማይነጥፍ አንድ ምንጭ። የነቀሉት እሳቸው እንደሆኑ ከታወቀ ግን ማን ይሰጣቸዋል?

ሲደርሱ ሲፋን ካርታዋን ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። ሲፋን የደን ባለሙያ ናት፤ አባቷ ከጋሼ ወልዴ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ስለሠሩ እንደ ልጃቸው ያዩዋታል።

«የምንጩ ክፍል ለጊዜው ለማንም አይሰጥም» አለች። «የሸለቆው ኮሚቴ አጋዘን ነው ብሏል። አጥር እስኪሠራ መቆየት አለበት። ሰኞ ደግሞ አዳኝ ይመጣል።»

«ጠመንጃ ይዞ?» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«አጋዘን በሽምግልና አይመለስማ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወልዴ ኮፍያቸውን አወለቁ። የነሐሴ ብርድ ራሳቸውን ጠበሰው፤ መልሰው አደረጉት። ዝም ቢሉ አጥር ይሠራል፣ ክፍሉም ውሎ አድሮ ይሰጣቸዋል። አንድ ምንም የማያውቅ እንስሳ ግን በእሳቸው ኃጢአት ይሞታል።

«አዳኙን አስቀሪው» አሉ። «አጋዘኑ እኔ ነኝ።»

ሲፋን ከካርታዋ ቀና አለች።

«የተማረ ነው አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ የሻረግ።

ኢሳያስ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልቻለም። ጋሼ ወልዴ ግን ሳይስቁ ወደ ሸንተረሩ መሯቸው። ባሕር ዛፎቹ እንደ መጋዘን መደርደሪያ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ሲፋን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሁለት ደርቀዋል፤ ሃያ ስምንቱ ደህና ናቸው።

«እኛ ስንተክል እንኳ ይህን ያህል አይጸድቅልንም» አለች። «ግን ለምን ጋሼ?»

የመንደራቸውን ምንጭ ታሪክ ነገሯት። ሲፋን ካርታዋን አጥፋ አዳመጠች። ሲጨርሱ «ይምጡ» ብላ ወንዙን በድንጋይ ላይ አሻግራ፣ ከመጥረቢያ ወደተረፈው አሮጌ ደን ወሰደቻቸው። ውስጡ እርጥብና ጨለም ያለ ነው። አረንጓዴ ሽበት የለበሰ ግንድ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ፈርን የሚሉት ቅጠሉ እንደ ላባ የሆነ ተክል፣ በሥሩ የሚንፎለፎል ውኃ። ጋሼ ወልዴ እጃቸውን ነከሩ፤ የውኃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል።

«አሁን ወደ ላይ ይመልከቱ» አለች ሲፋን።

ተመለከቱ። ከሁሉም በላይ፣ አንገት እስኪያም ድረስ ወደ ሰማይ የወጣው ያ ነጭ ግንድ ባሕር ዛፍ ነበር። አንድ ብቻም አይደለም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ተራርቀው ቆመዋል። ደጋግመው በዚህ በኩል አልፈዋል፤ ዓይናቸው ግን ከችግኝና ከአፈር ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

«ያዩት እውነት ነው» አለች ሲፋን። «ከአገሩ ወጥቶ፣ ተጠጋግቶ ብቻውን ሲተከል ምንጭ ይጨርሳል። እዚህ ግን የቤት ልጅ ነው። ከሥሩ የምንተክላቸው የዝናብ ደን ዛፎች ፀሐይ ካገኛቸው አንድ በጋ አያልፉም። ጥላ ሆኖ የሚያሳድጋቸው እሱ ነው፤ ግን እንዳይጠጋጋ ብለን ከሠላሳ አላሳለፍነውም።»

«ታዲያ እዚህ ባሕር ተሻግረን የመጣነው እኛ ነን እንጂ ዛፉ አይደለም» አሉ ተከትለው የመጡት እትዬ የሻረግ፣ ፈርኑን እየዳበሱ። «እኛም ደግሞ ውኃ አንጠላም።»

ጋሼ ወልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ወደ መኪኖቹ ሲመለሱ ሲፋን ራቅ ብላ ስልክ ደወለች። ከወዲያ በኩል የሚሰማው ሳቅ እነሱ ዘንድ ደረሰ። ተመልሳ መጣች።

«ለኮሚቴው ሁሉንም ነግሬያለሁ። አዳኙ ቀርቷል። ሸንተረሩ ላይ ያሉት እንዳይነኩ ብለዋል፤ ነፋስ ይመልሳሉ። የምንጩን ክፍል ትወስዳላችሁ፤ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ካርታው ይከበራል፤ ሠላሳ አዲስ ባሕር ዛፍ መኪናዬ ላይ አለ። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በስሙ ይፈርማል፤ ለአሥር ዓመት ኃላፊ።»

ሁሉም ወደ ኢሳያስ ዞሩ። ኢሳያስ የሚኒባሱን ጎማ ይመረምር ጀመር።

«እኔ እንኳ የሥራ ሺፍቴ ይቀያየራል» አለ።

«ጴንጤ ሲፈራ ሺፍት ይቀየርበታል» አሉ እትዬ የሻረግ።

«እርስዎ ይፈርሙ እንግዲያው እትዬ።»

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

ጋሼ ወልዴ ከመኪናው ጀርባ አንድ ችግኝ አነሱ። ቅጠሉን በጣታቸው አሹት፤ ሽታው ያው የድሮው ነው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። አሥር ዓመት ሲጨመርበት ስንት እንደሚሆን አስበው፣ ሂሳቡን ተዉት።

«ስጪኝ እስክሪብቶውን» አሉ ሲፋንን፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የምፈርመው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውንም ባሕር ዛፍ ምንጩ አጠገብ በገዛ እጄ እተክለዋለሁ። በአሥረኛው ዓመት ውኃው ከነጠፈ፣ አዳኙን ያኔ ጥሩልኝ።»