ከፍ ያለው ቆጣሪ

ለተገኘ ሁለት ሥራ ቀረበለት። አንዱ በወረታ ከተማ ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ሚዛን መያዝ ነበር፤ ደመወዙ ደህና ነው። ሌላው ለከተማው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ፤ የዚህ ደመወዝ የዚያኛውን ግማሽ አይሞላም። ተገኘ ቆጣሪውን መረጠ።

ሚስቱ ሙናዬ አኩርፋ ሰንብታ ስታናግረው፣ "ሰው ከሩዝ ጋር መዋል ትቶ ከቧንቧ ጋር ይውላል?" አለችው።

"ቤት ልንገዛ አይደል?"

"በቧንቧ ነው ቤት የሚገዛው?"

ከአባቱ የደረሱትን የፎገራ ላሞች ሸጦ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጧል። አሳቡ የሚከራይ ቤት ገዝቶ፣ ከኪራዩ ደግሞ ሌላ መጨመር ነው። ገንዘቡ ግን ለአንድ ቤት ብቻ ይበቃል፤ ከተሳሳተ የሚሸጥ ሌላ ላም የለም። በወረታ ቤት በብዛት የሚሸጠው በጥር ነው፤ ሩዝ ተሽጦ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር። በጥር መሬቱ ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ የተለሰነ ነው። ግቢው በነሐሴ ምን እንደሚመስል ሻጭ አይናገርም። ቆጣሪ አንባቢ ግን በነሐሴም በየግቢው ይገባል።

ገብቶም አየ። በአንዳንድ ግቢ ቆጣሪው በተደራረበ ድንጋይ ከመሬት ከፍ ተደርጓል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ "እንዲሁ ነው" ይሉታል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ገባው፤ ውሃ የሚተኛው እነዚያው ግቢዎች ውስጥ ነበር። ሻጭ ግድግዳውን ይለስናል፤ ቆጣሪውን ዝቅ ማድረግ ግን ትዝ አይለውም።

የእትዬ ጸሐይነሽ ቆጣሪ መሬት ላይ ነበር። ግቢያቸው በነሐሴ እንኳ ጫማ አያጨቀይም፤ የጓሮውን ክፍሎች የተከራዩት መምህራንም ለቀው አያውቁም። በጥር ቆጣሪ ሊያነብ ሲገባ፣ ቤቱን ሸጠው አንበሳሜ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ እንደሆነ ነገሩት። የጠሩት ዋጋ ተገኘ ባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ያነሰ ነበር።

"አንተ የማታየው ግቢ የለም፤ እስቲ ንገረኝ፣ ይህን ያወጣልኛል?" አሉት። "ልጄ 'ውሃ የሚበላው ከተማ ነው፣ ባገኘሽው ሽጪው' ትለኛለች።"

ተገኘ ወደ ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ ንባቡን ጻፈ። "አዎ" ቢል ቤቱ የእሱ ነው። ነገር ግን እኒህ ሴት በር የከፈቱት ለቆጣሪ አንባቢ እንጂ ለገዢ አልነበረም።

"ከዚህ በላይ ያወጣል፣ እትዬ። ውሃ የማይደርስበት ግቢ በዚህ ሰፈር ብዙ አላየሁም።"

እትዬ ጸሐይነሽ ግቢያቸውን እንደ አዲስ ቃኙት። "እንዲህ ከሆነማ ምን አንቀዥቅዦኝ እሸጠዋለሁ? እሷው ትምጣ!"

ምሳ ላይ ለሙናዬ ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ሳቋ መጣ። "የሚሸጥ ቤት አግኝተህ ባለቤቷን መክረህ መለስክ! አንተ ደላላ ብትሆን ኖሮ እዚህ ከተማ ቤት አይሸጥም ነበር።"

ሳቋ ሲበርድ ግን፣ "እኒያ ቆጣሪያቸው ከፍ ያለ ያልከኝ ግቢዎች ርካሽ ናቸው?" አለችው።

"ውሃ ይገባባቸዋላ።"

"እስከ የት?"

"ከጉልበት በታች።"

"ታዲያ ቆጣሪ በድንጋይ ከፍ ካለ፣ ወለልስ ከፍ እንዳይል ማን ከለከለው?"

 በተገኘ አባት ቀዬ ጎተራ ሁልጊዜ የሚቆመው በድንጋይ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዙሩን ቀጠለ። ቆጣሪው ከፍ ያለበት ግቢ ሲደርስ ንባቡን ጻፈ፤ ከዚያም ቁጢጥ ብሎ የድንጋዮቹን ከፍታ በስንዝር ለካ።