ገብቶ ያልወጣ እግር

«አንገባም አልን፣ አንገባም!»

አሥራ ስምንት ሴቶች አካፋቸውን ተደግፈው አራተኛው መደብ ጫፍ ላይ ቆመዋል። መደቡን እንዲገለብጡ ታዘዋል፤ አንዳቸውም ግን እግራቸውን አላነሱም።

«ምን ያስደነግጣችኋል? አፈር አይታችሁ አታውቁም?» አለች ካቦዋ።

ካቦዋ በዚህ ችግኝ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ሻሿ ላይ የጭቃ ጠብታ ታይቶ አያውቅም። ከኋላዋ «ሳሙና» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንደ ስድብም አልቆጠረችውም። በሩ ላይ በረኪና የተቀላቀለበት ሳፋ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ ጫማውን ሳይነክር ማንም አያልፍም፣ ኃላፊውም ቢሆን። የመደቡን አፈር በበርሜል እየቆሉ ማዘጋጀትንም ያመጣችው እሷው ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ችግኙ አንገቱ እየበሰበሰ ሲረግፍ «ቆሻሻ አፈር ነው የጨረሰው» ብላ መቁላት ጀመረች፣ መበስበሱም ቆመ። እዚህ ላይ እውነቷን ነው፤ ማንም አይነጥቃትም።

ግን በተቆላው አፈር የበቀለው ጥድ ስንዝር ሲደርስ ቀጥ አለ። ማዳበሪያ ቢጨምሩለት፣ ውሃ ቢያጠጡት፣ ወይ ፍንክች! ብርድ እንደመታው ከንፈር ጠቆረ፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ቆረጠ፦ መደቦቹ ይገለበጡ፣ ጣቢያው ይዘጋ፣ ሴቶቹም ወደየቤታቸው ይሂዱ።

«እትዬ፣ እስቲ ይዩት» አለች የመንቶቹ እናት። ከሴቶቹ ሁሉ አፏ የማያርፍ እሷ ናት፤ ዛሬ ግን ድምፅዋ ቀጥኗል።

በቢጫው መሃል ሰባት ሞላላ አረንጓዴ ክቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰሃን ያክላል። እነሱ ላይ ብቻ ችግኙ ጉልበት ደርሷል። ክቦቹ ከመደቡ ጠርዝ ተነስተው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ እስከ መሃል ይሄዳሉ። መሃል ላይ ያልቃሉ። የሚመለስ የለም።

«የሰው እርምጃ ነው። ገብቷል፤ አልወጣም» አለች የመንቶቹ እናት።

«ታዲያ የት ሄደ?» አለች አንዷ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ባለፈው ወር የቡና ስኒ ያህል ነበር፤ ዛሬ ሰሃን አክሏል። እየሰፋ ነው። እሷ ናት እላችኋለሁ። የተባረረችበትን መደብ ልታይ መጥታ ነው።»

«እሷ» ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም።

የካቦዋ ታናሽ እህት እዚሁ ትሠራ ነበር። ዘር ከመዘራቱ በፊት ከጓሮው አጥር ማዶ ካሉት ትልልቅ ጥዶች ሥር ጥቁር አፈር በጉያዋ ታመጣና በየመደቡ አንድ አንድ እፍኝ ትበትናለች። «እትአለም፣ ችግኙ ያለዚህ እኮ አይበላም» ትል ነበር። መበስበሱ ሲመጣ ታላቂቱ እፍኟን መትታ አፈሩን አስደፋቻት፤ «ጭቃ! አንቺ ነሽ የጨረስሽው!» ብላ በሰው ፊት አባረረቻት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ታናሺቱ ባለፈው ዓመት ሞተች፤ እዚያው አጥር ማዶ፣ ጥዶቹ ሥር ባለው መካነ መቃብር ተቀበረች። ካቦዋ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። «ሥራ አለብኝ» አለች። በርሜል ስትቆላ ዋለች።

«ሙት አይራመድም» አለች አሁን። «ዞር በሉ።»

መደቡ ውስጥ ገባች። ከሰባቱ ክቦች በመጨረሻው ላይ ተንበርክካ አንዱን ችግኝ ነቀለች። ብቻውን አልመጣም፤ ጎረቤቱ አብሮት ዘመም አለ፣ ከጀርባ ሰው የጎተተው ይመስል። ሥሩን ያሮጊት ፀጉር የመሰለ ነጭ ክር ጠምጥሞታል፤ ክሩ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ታች ይሄዳል። ሽታው ገና አፍንጫዋ ሲደርስ አወቀችው፤ የእሁድ ሽታዋ ነው። ከቢጫዎቹም አንዱን ነቀለች። ሥሩ ራቁቱን ነው። ንጹሕ፣ ልክ እሷ እንደምትወደው።

«ምንድን ነው ስብሰባው?» ኃላፊው ነው። ገና ለጋ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ሥሩን ከእጇ ተቀብሎ አገላበጠና ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ፈንገስ ነው! የበጎው ዓይነት። የዛፉ ሥር የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ፎስፈረሱንም ውሃውንም ያመጣለታል፤ ዛፉ ደግሞ በፋንታው ስኳር ያበላዋል። ስንቆላው አብረን ገደልነው ማለት ነው። ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ነበረ…»

«ዘለልከው?»

«ዘለልኩት።»

«በዚያ ገጽ እኮ ነው አሥራ ስምንት ሴት ያሰናበትከው።»

አንገቱን ደፋ። «ይሄን አፈር ካገኘን ከበላዮቼ ሦስት ወር እለምናለሁ፤ ሁሉም ይድናል። ግን ከየት መጣ? ማን ነው እነዚህ ሰባት ቦታ ላይ ብቻ የጣለው?»

«የሞተችው» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

ካቦዋ ተነሳች። ክቦቹን ቁልቁል አየች። የቀኞቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ የግራዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ ዞር ብለዋል። በልጅነቷ ተሰብሮ ወደ ውጭ ዞሮ የቀረውን ግራ እግሯን አነሳችና ክቡ ላይ አሳረፈችው።

ልክ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። መደቡ የተዘራ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበር። የመደቡ መሃል እብጥ ብሎባት ልታስተካክለው ብላ፣ መረማመጃውን ጣውላ አጥታ በእግሯ ገባች፤ እያለፈች ዱካዋን በመዳፏ ደለደለች። መሃል ስትደርስ ዘበኛው ጣውላውን አምጥቶ ዘረጋላትና በሱ ላይ ተራምዳ ወጣች። ጫማዋን በሳፋው አልነከረችም ነበር፤ የመጣችው በጓሮ በኩል ነውና። በጓሮ የመጣችውም ከየት እንደመጣች ማንም እንዳያይ ነው።

ዝም ብትል ምን ትሆናለች? ሟቿ ትወቀሳለች፤ አካፋው ይወርዳል፤ የሳሙና ስም እንደጸዳ ይኖራል።

ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የመንቶቹ እናት አካፋዋን እንደ ልጅ አቅፋለች።

«እኔ ነኝ» አለች ካቦዋ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«እግሩ የኔ ነው። መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ፣ እሁድ እሁድ። የእግሬ ጭቃ ነው። አሁን ጆንያ አምጡና ተከተሉኝ፤ ደግሞ አንዳችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ ወዮላችሁ!»

ጆንያ እያነሱ ተከተሏት።

ጥዶቹ ሥር ሲደርሱ ቀትር ነበር፤ ከጥላው በታች ግን ጎህ ያልቀደደ ይመስላል። ሴቶቹ ወዲያ ማዶ ቆፈሩ፤ አፈሩ ጥቁር፣ ልስልስ፣ ነጭ ክር የበዛበት። እሷ ብቻ በመቃብሩ በኩል ያለውን የረገፈ ቅጠል በጣቷ ገለጥ አደረገች። ክሩ ከጥዱ ሥር ይነሳና በጉብታው ሥር ይገባል። ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ያመጣል ነው ያለው ልጁ። ዓይኗ በክሩ ሄደ፤ ቀስ ብላ ቅጠሉን መለሰችው።

«በዚህ በኩል እንዳትቆፍሩ» አለች።

ስትመለስ በጓሮ አልገባችም። ዙሪያውን ዞራ በዋናው በር መጣች፤ ጆንያው በትከሻዋ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ዘበኛው ሳቀባት።

«ምነው ሳሙና፣ የራስሽን ሕግ ረሳሽ? ጫማሽን ንከሪ እንጂ።»

ጆንያውን አወረደች፤ ሳፋውን በሁለት እጇ አነሳችና በረኪናውን መንገድ ላይ ደፋችው።

«ምን ማድረግሽ ነው አንቺ ሴት?»

«ተወኝ» አለች። «አብራኝ ትግባ።»